መልእክትን ለኤኢኤስ ምስጠራ መሙላት፦ ፓዲንግ እንዴት ይሠራል?

ኤኢኤስ የተባለው የምስጠራ ዘዴ በሲቢሲ ስልት (እያንዳንዱን ብሎክ ከቀደመው ጋር እያያያዘ በሚመሰጥረው) ሲሠራ ውሂብ የሚቀበለው በ16 ባይት ብሎክ፣ ማለትም ቁራጭ፣ ብቻ ነው። የመልእክት ርዝመት ግን ከዚህ ልክ ጋር የሚገጥመው አልፎ አልፎ ስለሆነ ጎዶሎው ይሞላል (ማሟያው ፓዲንግ ይባላል)፤ ሲፈታም የተሞላው ብቻ ተለይቶ ይወጣል። ለዚህ በሰፊው የሚያገለግለው ደንብ ፒኬሲኤስ 7 ነው።

መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ ዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን በባይት የሚወክል ደንብ) ባይት ይለውጡ፤ ርዝመቱን የሚቆጥሩት ከዚያ በኋላ ነው። በአማርኛ ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ ሁሉም ይበላሻል፤ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛልና። «ሰላም» 3 ፊደል፣ 9 ባይት ነው። በፊደል የሚቆጥር ኮድ 13 ባይት ጨምሮ 22 ላይ ያርፋል፤ 22 ደግሞ ለ16 ስለማይካፈል ምስጠራው በስሕተት ይቆማል። በእንግሊዝኛ ብቻ ከሞከሩት ይህ ጉድለት አይታይም።

ከዚያ የባይቱን ብዛት ለ16 ያካፍሉና ቀሪውን ከ16 ይቀንሱ። የሚገኘው ቁጥር የሚጨመሩት ባይቶች ብዛትም፣ የእያንዳንዳቸው ዋጋም ነው። «ሰላም» ላይ ዋጋቸው 7 የሆነ 7 ባይቶች ይቀጠላሉ።

መልእክቱ ከመነሻው ልክ 16 ባይት ከሆነም ይጨመራል፦ ዋጋቸው 16 የሆነ 16 ባይቶች፣ ሙሉ ብሎክ። ይህ ብክነት አይደለም። ካልተጨመረ፣ ዋጋው 1 በሆነ ባይት የሚያልቅ መልእክት ሲፈታ ያ 1 የመልእክቱ ይሁን የማሟያው መለየት አይቻልም። በዜሮ መሙላትን የማንመክረውም ለዚሁ ነው፤ በዜሮ የሚያልቅ ፋይል ጅራቱ ይቆረጣል።

ሲፈቱ የመጨረሻውን ባይት ያንብቡ። ከ1 እስከ 16 ካልሆነ፣ ወይም ከመጨረሻው ያንኑ ያህል ባይቶች ሁሉም ያንን ዋጋ ካልያዙ፣ መልእክቱን አይቀበሉ።

ኦፕንኤስኤስኤል የተባለው የምስጠራ ሶፍትዌር ሳይጠየቅ ራሱ ስለሚሞላ በላዩ ላይ አይድገሙ። በፓይተን «ክሪፕቶግራፊ» የተባለው ላይብረሪ የብሎኩን መጠን በቢት፣ 128 ብሎ፣ «ፓይክሪፕቶዶም» ደግሞ በባይት፣ 16 ብሎ ይጠይቃል። ለፓይክሪፕቶዶም 128 ከተሰጠው ያለ ምንም ቅሬታ እስከ 128 ባይት ይሞላል፤ ችግሩ የሚወጣው ተቀባዩ ዘንድ ነው።

ከሁሉ የከፋው አደጋ በስሕተት መልእክት በኩል ይመጣል። የምስጠራ ተመራማሪው ሰርዥ ቮድኔ በ2002 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ሰርቨሩ «ፓዲንጉ ተበላሽቷል» የሚለውን ከሌላው ስሕተት ለይቶ ካሳወቀ፣ አጥቂ ያለ ቁልፍ ለአንድ ባይት ቢበዛ 256 ያህል ሙከራ እያደረገ መልእክቱን ይፈታል። የመልስ ጊዜ ልዩነትም ያንኑ ያጋልጣል። ስለዚህ የመነሻውን አይቪ (ከመጀመሪያው ብሎክ ጋር የሚቀላቀሉትን የዘፈቀደ ባይቶች) እና የተመሰጠረውን ጽሑፍ አንድ ላይ በኤችማክ (በሚስጥር ቁልፍ በሚሰላ ማረጋገጫ) ይፈርሙ፤ ተቀባዩም መልእክቱን ከመፍታቱ በፊት ፊርማውን ያረጋግጥ፣ ካልገጠመ ፓዲንጉን ጭራሽ አይንካ። አዲስ ሥራ የሚጀምር ሰው ኤኢኤስ-ጂሲኤም የተባለውን ሌላ የኤኢኤስ ስልት ቢመርጥ ይሻለዋል፦ ፓዲንግ አይፈልግም፣ ማረጋገጫውም አብሮት ይመጣል። በአንድ ቁልፍ ግን 12 ባይቱ ኖንስ (ለእያንዳንዱ መልእክት አንዴ ብቻ የሚያገለግለው ቁጥር) ፈጽሞ መደገም የለበትም።