ጥፋቱን ከተማሪው መፈለግና ሌሎች ስህተቶች

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር፣ ላቲኖና የነባር ሕዝቦች ተማሪዎች ለምን ወደ ኋላ ይቀራሉ? ይህን የሚያጠኑትም ሆነ ለማስተካከል የሚሞክሩት አብዛኛውን ጊዜ ቅን ሰዎች ናቸው። ግን ገና ከመነሻው የሚያሳስቷቸው ነገሮች አሉ።

ዋናው ስህተት ጥፋቱን ተማሪው ላይ መፈለግ ነው። የሂሳብ ሊቁ ዩሪ ትራይስማን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ ጠየቀ። መምህራኑ መልሱ አልቸገራቸውም፦ ፍላጎት የላቸውም፣ ዝግጅታቸው ደካማ ነው፣ ቤተሰብ አይደግፋቸውም፣ ድሆች ናቸው። ትራይስማን በዚህ አልረካም። ተማሪዎቹ የሚያጠኑበት ድረስ ሄዶ አያቸው። ፍላጎቱ አለ። ቤተሰቦቻቸውም ለልጆቹ ትምህርት ብዙ የለፉ ናቸው። ልዩነቱ አጠናኑ ላይ ነበር። የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ተሰብስበው ይሠራሉ፣ አንዱ የሌላውን ስህተት ያርማል። ጥቁሮቹ በትጋት ያጠናሉ፣ ግን ብቻቸውን። አንድ ጥያቄ ሲያቅታቸው ሌላውንም አቅቶት እንደሆነ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ተመራማሪው ጠረጴዛው ጋ ቁጭ ብሎ ቢቀር ኖሮ ይህን ከየት ያገኘው ነበር?

ሁለተኛው ከዚሁ ይወለዳል፤ መርዳት ማለት ትምህርቱን ማቅለል ይመስለናል። ትራይስማን የማካካሻ ክፍል አልከፈተም። እንዲያውም ከተለመደው የከበዱ ጥያቄዎች አዘጋጅቶ ተማሪዎቹ በቡድን እንዲታገሏቸው አደረገ። ውጤታቸው በግልጽ ተሻሻለ። ተማሪን ማክበር ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ እንደሚችል አምኖ ከባዱን ነገር መስጠት።

አማካይ ቁጥር ላይ መቆምም ያሳስታል። «እስያ አሜሪካዊ» የሚለው ምድብ ጥሩ ውጤት ሲያሳይ፣ እዚያው ውስጥ ያሉት የህሞንግ (በላኦስና በአካባቢው የሚኖር ሕዝብ) እና የካምቦዲያ ስደተኞች ልጆች ችግር ይጋረዳል። ቁጥሩን ዘርዝሮ ማየት ያስፈልጋል። የትምህርት ተመራማሪዋ ኢስቴላ ቤንሲሞን በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተችው የጥናት ማዕከል ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነበር። መምህራን የራሳቸውን ተቋም መረጃ በዘር ከፋፍለው እንዲያዩ፣ ከዚያም «እኛ ምን እያደረግን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ ታደርግ ነበር። ቁጥሩን አይቶ ወደዚህ ጥያቄ ካልተሄደ፣ ዝርዝሩ ራሱ ተማሪውን መውቀሻ ይሆናል።

ትንሽ የሚመስለውን ነገር አትናቁ። ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥቂት መቶ ዶላር ስለጎደላቸው ብቻ ከምዝገባ የሚሰረዙ ተማሪዎች እንዳሉት ሲያይ፣ ክፍተቱን የሚሸፍን አነስተኛ ድጎማ መስጠት ጀመረ። ለመመረቅ ትንሽ የቀራቸው ተማሪዎች እንኳ በዚህ ምክንያት ትምህርታቸውን ያቋርጡ ነበር። ያን ጊዜ ስለ «ጽናት ማነስ» ማውራት ግፍ ነው።

ሁሉን ነገር ከቅበላ ጋር ማያያዝም የተለመደ ነው፣ በተለይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ዘርን ለቅበላ መስፈርት ማድረግ አይቻልም ብሎ ከወሰነ ወዲህ። ቅበላው ያሳስባል፣ አልክድም። ሆኖም ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ የሚማሩት ለሁሉም በራቸውን በከፈቱ ኮሌጆች ነው። እነሱ የሚቸገሩት ከገቡ በኋላ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ሸክሙን ሁሉ በጥቂት ጥቁርና ላቲኖ መምህራን ላይ መጫን ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ አማዶ ፓዲያ እ.ኤ.አ. በ1994 «የባህል ግብር» ያለው ይህንኑ ነው። ኮሚቴ ሲቋቋም እነሱ፣ ተማሪ ሲያለቅስ እነሱ፣ የብሮሹር ፎቶ ሲፈለግም እነሱ። የዕድገት ግምገማው ሲመጣ ግን የሚቆጠረው የታተመ ጥናት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የምትሰጧቸው ከሆነ የማስተማር ሰዓታቸውን ቀንሱላቸው፤ ሥራውም በግምገማው ላይ በጽሑፍ ይያዝላቸው።