የአሮጌ ፒክአፕ መብራት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐምሌ ማታ ከደባርቅ ወደ ጎንደር የነዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዳባትን አልፈው አምባ ጊዮርጊስ ሲቃረቡ ጭጋጉ መሬት ይነካል፤ ከፊት ያለው በሬ ይሁን ሰው የሚለየው በመብራት ብቻ ነው። የኔ አሮጌ ሂሉክስ እዚያ መንገድ ላይ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሁለት ጊዜ አስደንግጣኛለች። ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ማሳውን (የኤሌክትሪክ መመለሻውን) ሳያዩ አምፖል መግዛት

ፍሬን ስረግጥ የግራ ፍሬቻዬ ደብዘዝ ብሎ ይበራ ነበር። አምፖል ቀየርኩ፣ አልተሻለም። ሌላ ቀየርኩ። በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሳቁብኝና ረጅም ሽቦ አውጥተው አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከኋላ መብራቱ ማሳ ጋር አገናኙት። ወዲያው የፍሬን መብራቱ ቦግ አለ፣ ፍሬቻውም ጠፋ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ኤሌክትሪኩ አምፖሉን ካበራ በኋላ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። መመለሻው ከዛገ በጎረቤት አምፖል በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻ የሚበራው ለዚህ ነው። ፒክአፕ ላይ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ የኋላ መብራቶቹ ያሉት በቡሎን ከሻንሲው ጋር በተያያዘው የጭነት ሳጥን ላይ ስለሆነ ጭቃና ዝገት መሃል ይገባል። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት፣ ያጥብቁት፣ ግሪስ ይቀቡት። የኔ ሥራ ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ የሦስት አምፖል ገንዘብ ግን ሄዷል።

(ማሳ፣ ቡሎን፣ ፍሬቻ ሁሉም እንደ ፒያሳ ጣሊያን የተወልን ቃላት ናቸው። ፍሬቻ ቀስት ማለት ነው፤ በድሮ መኪኖች መታጠፊያው ከጎን የሚወጣ ትንሽ ክንድ ነበር።)

ፊውዝ በሽቦ መተካት

ይህን ማብራራት አያስፈልግም፣ ግን አሁንም አያለሁ። የ15 አምፔር ፊውዝ ሲቃጠል 30 ማስገባት ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት መጠቅለል፣ ቀጥሎ የሚቃጠለው ሽቦው እንዲሆን መፍቀድ ነው። ፊውዙ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ብረት ይነካል፤ መጀመሪያ ሽቦው የሚታጠፍበትንና በብረት ቀዳዳ የሚያልፍበትን ይመርምሩ።

አምፖል ቶሎ ቶሎ ሲቃጠል ሻጩን መራገም

አንዳንዴ እውነትም አምፖሉ ርካሽ ነው። ግን ሞተሩን አስነስተው ባትሪው ላይ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ያድርጉ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ደህና ነው። ከ15 ካለፈ የዲናሞው መቆጣጠሪያ ተበላሽቷል፤ ምንም አምፖል ቢገዙ አይቆይም። ሌላው የእጅ ቅባት ነው፦ የሃሎጅን አምፖልን መስታወት በባዶ እጅ አይንኩ። ከነኩት በአልኮል ይጥረጉት።

ብርሃን ሲያንስ ትልቅ ዋት መፈለግ

የተለመደው የፊት መብራት አምፖል (ኤች 4) 60/55 ዋት ነው፤ 60ው ለረጅሙ፣ 55ቱ ለአጭሩ መብራት። ሁለቱ ረጅም ሲበሩ 10 አምፔር ገደማ ይስባሉ። ወደ 100 ዋት ሲሄዱ ከ16 ያልፋል፤ ያ ሁሉ በሠላሳ ዓመት ሽቦና ማብሪያ ውስጥ ሲያልፍ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከዚያ በፊት ይለኩ። የኔ ላይ ባትሪው 13.9 ሲያሳይ አምፖሉ ጋ የደረሰው 12.1 ብቻ ነበር። ቮልቴጅ 10 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያነሰኝ ዋት ሳይሆን ሽቦ ነበር። መፍትሔው ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ነው፦ የድሮው ማብሪያ ሪሌውን ብቻ ያዛል፣ ጉልበቱ ከባትሪ በወፍራም ሽቦ ቀጥታ ይመጣል፣ ፊውዙም ከባትሪው ጎን ይቀመጣል። በዚያው 55 ዋት አምፖል አምባ ጊዮርጊስን እንደ አዲስ አየሁት።

ኤልኢዲን እንዲሁ መሰካት

ኤልኢዲ ራሱ ጥፋት የለበትም። የፊት መብራቱ ቤት ግን የተሠራው የሃሎጅን ክር የምትቀመጥበትን ነጥብ ታሳቢ አድርጎ ነው፤ የብርሃኑ ምንጭ ትንሽ ሲዛነፍ ለነጂው ነጭ ይመስላል፣ ሊማሊሞን ሽቅብ የሚመጣውን ሾፌር ግን ያሳውረዋል። በዚያ መንገድ ደግሞ ዳሩ ገደል ነው። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ሌላም ነገር አለ፦ ማብሪያው ረጅምና አጭሩን የሚለየው ፖዘቲቩን ሳይሆን ማሳውን በመቁረጥ ነው። የጋራ ማሳ የሚጠብቅ ኤልኢዲ ላይበራ ወይም ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል፤ ሪሌ የሚያስገባም ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ፍሬቻ ላይ ሲገባ ደግሞ ጥድፊያ ይጀምራል። የድሮው ፍላሸር (ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው) ከእያንዳንዱ አምፖል የሚጠብቀው 21 ዋት ነው፤ ኤልኢዲ ጥቂት ሲስብ አምፖል የተቃጠለ መስሎት ይቸኩላል። ፍላሸሩን ለኤልኢዲ በተሠራ ይቀይሩ። የጎደለውን ኃይል የሚስብ ሬዚስተር ማስገባትም ይሠራል፣ ግን እጅ እስኪያቃጥል ይሞቃል፤ ፕላስቲክ ላይ አያሥሩት።

የማን አገር እንደሆነ ሳይጠይቁ ያገለገለ መብራት መግዛት

ከጃፓን የወጣ መብራት የተሠራው በግራ ለሚነዳ ሰው ነው። አጭሩ መብራት ወደ ግራ ከፍ ይላል፤ እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ያ ማለት በቀጥታ ተቃራኒ የሚመጣው ሰው ዓይን ነው። በማስተካከያ ቡሎን አይድንም። ከመግዛትዎ በፊት ግድግዳ ላይ ያብሩትና ከፍ ያለው ጎን የትኛው እንደሆነ ይዩ።

ባዶ መኪና አስተካክሎ ገብስ ጭኖ መሄድ

ከዳባት ገብስ ሲጫን ኋላው ይሰምጣል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ መብራቱም ዛፍ ላይ ይሆናል። ዘወትር የሚጭኑ ከሆነ በተለመደው ጭነት ያስተካክሉ። ደልዳላ ቦታ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ይራቁ፤ የአጭሩ መብራት የላይ ጠርዝ ከአምፖሉ ቁመት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ማለት አለበት። አዘዞ በኩል ረጅም አጥር ያለበት ቦታ አለ፣ ማታ እዚያ ነው የማስተካክለው፤ ዘበኛው ግን መጀመሪያ ቀን ሌባ መስዬው ነበር።