መበየጃው አልያዘም፣ ብሩ ተሰነጠቀ፣ ቀለሙ ተበላሸ፦ የብር ሥራ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጎጃም ውስጥ የብር ጌጥ ዛሬም ፈላጊ አለው። የአንገት መስቀል፣ ድሪ፣ አልቦ፣ ቀለበት፣ ኩክ ማውጫ ሳይቀር ይሠራል፣ ይጠገናል። ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ፣ ቢቸናም ሆነ ዳንግላ፣ ሥራውን ገና የጀመረ ልጅ የሚያነሳው ጥያቄ ግን ያው ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለእነዚህ ጀማሪዎች ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። ጉድለቱ የታየበት ሰዓትና ጉድለቱ የተፈጠረበት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ይለያያሉ። መዶሻ ስር የተሰነጠቀ ብር ምናልባት የተበላሸው ሲቀልጥ ነው። አልያዝ ያለ መበየጃም (ቀልጦ ሁለቱን ብር የሚያያይዘው ቅይጥ) እሳት ከመንካቱ በፊት፣ ገና ሲጸዳ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ከዚያ በፊት ምን እንደሠራችሁ አስቡ።

መበየጃው ተንከባሎ ድቡልቡል ይሆናል እንጂ አይፈስም

ዋናው ምክንያት ቆሻሻ ነው። የእጅ ቅባት፣ የጥላሸት ቅሪት ወይም የቀድሞ እሳት የተወው ጥቁር ሽፋን ካለ መበየጃው ብሩን መያዝ አይችልም። የሚጋጠሙትን ሁለቱን ፊቶች በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ አጽዱ። ከዚያ በኋላ በጣት አትንኳቸው፤ በወረንጦ ያዙ።

ሁለተኛው ምክንያት ቦራክሱ ነው፤ መበየጃው እንዲፈስ መገጣጠሚያው ላይ የሚቀባው ነጭ ዱቄት። ሲሞቅ ምን እንደሚያደርግ በደንብ ተመልከቱት። መጀመሪያ ያብጥና ነጭ አረፋ ይሆናል። ቀጥሎ ይረግባል። መጨረሻ ላይ ጥርት ብሎ እንደ መስታወት ብሩን ይሸፍነዋል። መበየጃው የሚፈሰው ከዚህ በኋላ ነው። አረፋው ላይ ነበልባሉን በኃይል ካመጣችሁት የመበየጃውን ቁራጭ ከቦታው ያስፈነጥረዋል። በዝግታ አሙቁ። ቦራክሱ ተቃጥሎ ከጠቆረ ደግሞ በላዩ ሌላ መጨመር ትርፉ ድካም ነው። አቀዝቅዙ፣ በአሲድ አጽዱ፣ ከእንደገና ጀምሩ።

ሦስተኛው፣ ነበልባሉን መበየጃው ላይ መደገን። መሞቅ ያለበት ጌጡ ነው። ጌጡ ከሞቀ መበየጃው በራሱ ይፈሳል። ክፍተትን በመበየጃ ለመሙላት መሞከርም አያዋጣም። ሁለቱን ጫፎች ብርሃን እንዳያሳልፉ አድርጋችሁ ግጠሟቸው።

ወደ አንድ ወገን ብቻ ሮጠ

መበየጃ ሙቀት ወዳለበት ይሄዳል። አንዱ ወገን ቀጭን ሌላው ወፍራም ከሆነ ቀጭኑ ቀድሞ ይግላል። ነበልባሉን ወደ ወፍራሙ አድሉ፤ ቀጭኑን ዳር ዳሩን ብቻ አስነኩት።

መበየጃው ሳይፈስ ጌጡ ራሱ ቀለጠ

ይሄኛው እኛ አካባቢ በብዛት ያጋጥማል። አያት ለልጅ ልጅ ያቆየችው ጠገራ (የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ የብር ገንዘብ) ለጌጥ እንዲሆን እየተባለ ስለሚመጣ ነው። ጠገራ ላይ የሚነበበው ዓመት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ 1780 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው። የኦስትሪያ ገዢ የነበሩት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉት በዚያው ዓመት በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላ የተመታውም ያንኑ ቁጥር ይዞ ወጥቷል። አንዱ ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል። ንጹሕ ብሩ 83.3 በመቶ ነው፤ ይህም 23.4 ግራም ያህል ማለት ነው። የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከመዳቡ ነው። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ961 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። መዳብ ለብቻው 1,085 ይፈልጋል። ሁለቱ ሲደባለቁ ግን ከሁለቱም ቀድመው ይቀልጣሉ። ጠገራ ገና 780 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መላላት ይጀምራል። ጠንካራ የሚባለው የብር መበየጃ የሚፈሰው ደግሞ እዚያው 780 እና 790 መካከል ነው። ስለዚህ መበየጃው እስኪፈስ ስትጠብቁ ጌጡ ይቀድማችኋል። ስለት የነበረው ጠርዝ ይድበለበላል፣ ፊቱ ይሸበሸባል፣ ቀጥሎ መሐሉ ይሰምጣል። ጥፋቱ የእጅ አይደለም፤ የመበየጃ ምርጫ ነው።

መፍትሄው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ጠገራን በ720 ዲግሪ አካባቢ በሚፈሰው ለስላሳ መበየጃ በይዱ። መበየጃውን ራሳችሁ ከብርና ከነሐስ (ቢጫው የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) የምታዘጋጁ ከሆነ ነሐሱ ሲበዛ ቶሎ ይፈሳል፤ ግን መገጣጠሚያው ላይ ቢጫነቱ ይታያል። ደጋግሞ ማቅለጥም ጥሩ አይደለም። በነሐሱ ውስጥ ያለው ዚንክ እየተነነ ስለሚያልቅ መበየጃው በቶሎ አልፈስ ይላል። ጭሱንም አትተንፍሱት። ገበያ ላይ የሚሸጥ መበየጃ ስትገዙ ካድሚየም የሌለበት መሆኑን አጥብቃችሁ ጠይቁ። የካድሚየም ጭስ ሳንባን ይጎዳል፣ ሰውም ይገድላል።

ሁለተኛ፣ የንጹሕ ብሩን መጠን ከፍ አድርጉት። አንድ ጠገራን 92.5 በመቶ ለማድረስ 34.3 ግራም ንጹሕ ብር ይጨመርበታል። ድምሩ 62.4 ግራም ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለው ብር ሙቀት በተሻለ ይችላል፣ መዶሻ ስርም ይታዘዛል።

ጌጡ ብዙ መገጣጠሚያ ካለው ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፤ መጀመሪያ ጠንካራው፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ መጨረሻ ለስላሳው። ሌላው ደግሞ ቦታ ነው። በጠራራ ፀሐይ የብሩ ቅላት አይታይም። ጥላ ውስጥ ሥሩ።

ደግሞ ልለምናችሁ፦ ያረጀ፣ የተቀረጸ፣ ያልተሰበረ መስቀል ለብሩ ተብሎ አይቅለጥ። ባለቤቱ ቢያመጣው እንኳ መጀመሪያ አሳምኑት። ያንን ቅርጽ የሠራው እጅ ከእንግዲህ አይገኝም።

ጥገና ላይ ያለ ጌጥ እሳት ሲነካው ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ

የእርሳስ ሥራ ነው። አንዲት እማሆይ የተሰበረ መስቀል ይዘው መጡ እንበል። ስብራቱ ላይ ግራጫ እብጠት ካያችሁ እሳት አታቅርቡ። «እማሆይ፣ ከዚህ በፊት አስበይደውት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሬዲዮ የሚጠግን ልጅ አያይዞልኝ ነበር፣ ልጄ» ካሉ ነገሩ ግልጽ ነው። ያ ቆርቆሮና እርሳስ የተደባለቀበት ብየዳ ከ200 ዲግሪ በታች ይቀልጣል። እናንተ ለብር የሚሆን እሳት ስትለቁበት ብሩ ውስጥ እየሰረገ ይበላዋል። መስቀሉ ዓይናችሁ እያየ ይቦረቦራል።

በቢላ ጫፍ ጫር አድርጉት። ለስላሳና ግራጫ ሆኖ በቀላሉ ከተቆረጠ እርሳስ ነው። መፍትሄው ትዕግሥት ነው። በትንሽ እሳት እስኪልም ብቻ አሙቁና ጥረጉት። የቀረውን በቢላና በሞረድ ፋቁ፤ ጭላንጭል ግራጫ እንኳ አይቅር። ሙሉ በሙሉ ካልወጣ መስቀሉን በብር መበየጃ አትበይዱት። በትንሽ የብር ችንካር ማያያዝ ይቻላል፤ እውነቱን ለባለቤቷ ነግራችሁ ማለት ነው። ለእርሳስ የተጠቀማችሁበትን ሞረድ ለብር አትመልሱት። ብናኙ ቀጣዩን ሥራ ያበላሻል።

ሲቀጠቀጥ ተሰነጠቀ፣ ሽቦው ተበጠሰ

ብር በተመታ ቁጥር ይደነድናል። ጆሮ ላለው ሰው መዶሻው ይነግረዋል። መጀመሪያ ድፍን የነበረው ድምፅ እየቀጠነ፣ እየጮኸ ይሄዳል፤ መዶሻውም ይነጥራል። ያኔ አቁሙና በእሳት አለስልሱት። ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አሙቁ፤ 600 እና 650 ዲግሪ መካከል ነው። ቅላቱ ጠፍቶ ሲጠቁር ውሃ ውስጥ ክተቱ። እንደቀላ ከተነከረ ራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጠርዙ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ካያችሁ እዚያው ሞርዳችሁ አጥፉት፤ በላዩ ከቀጠቀጣችሁ ወደ ውስጥ ይሮጣል። ለስልሶም ወዲያው የሚሰነጠቅ ከሆነ ግን ሲቀልጥ እርሳስ ወይም ቆርቆሮ ገብቶበታል። ያንን ደጋግሞ ማቅለጥ አያድነውም። ለማንጠር ለይታችሁ አስቀምጡት።

ሽቦ ሲሳብ ከተበጠሰ መሳቢያው ላይ እየጠበቡ ከሚሄዱት ቀዳዳዎች አንዱን ዘላችኋል ወይም ሳታለሰልሱ ቀጥላችኋል። ሰምም ቀቡት። የጎጃም ሰው ለሰም ሩቅ አይሄድም። የጠጅ ሰፈፍ ቀልጦ በጨርቅ ከተጠለለ ለሽቦም፣ የመስቀል ቅርጽ ለማውጣትም ይበቃል።

ሲወለወል ግራጫ ጥላ ወጣ፤ አሲድ ውስጥ ገብቶ ቀላ

ጥላው ከብሩ ጋር ያለው መዳብ በእሳት ላይ ኦክስጅን አግኝቶ ከፊቱ ስር የሠራው ሽፋን ነው። መወልወል አያጠፋውም፤ እንዲያውም አጉልቶ ያሳየዋል። በብርጭቆ ወረቀት እስከ ታች ማንሳት ያስፈልጋል። ሌላው ዘዴ ደጋግሞ በእርጋታ አሙቆ በአሲድ ማጽዳት ነው። አሲዱ የላዩን መዳብ እየወሰደ ፊቱ ላይ ንጹሕ ብር ይተዋል። ከዚያ በኋላ ግን በኃይል አትፈትጉት፤ ቀጭን ነው። በቅድሚያ ለመከላከል ጌጡን በሙሉ ቦራክስ ቀብታችሁ አሙቁ፣ እሳት ላይም አታቆዩት።

የመዳብ ቀለም ይዞ የወጣ ብር ደግሞ አሲዱ ውስጥ ብረት ገብቷል ማለት ነው። የብረት ወረንጦ ወይም ያልተፈታ የማሰሪያ ሽቦ አሲዱ ውስጥ ያለውን መዳብ ብሩ ላይ ያለብሰዋል። የእንጨት ወይም የመዳብ መያዣ ተጠቀሙ። የባትሪ አሲድ የምታቀጥኑ ከሆነ አሲዱን ወደ ውሃው ጨምሩ፤ ውሃውን ወደ አሲዱ በፍጹም። ለቀላል ሥራ ሞቅ ያለ ሎሚና ጨው በሸክላ ወይም በብርጭቆ ዕቃ ይበቃል።

የተቀዳው መስቀል ተቦርቡሮ ወጣ

የቀለጠ ንጹሕ ብር ከአየር ኦክስጅን ይጠጣል፤ ከራሱ ይዘት 20 እጥፍ ያህል። ሲረጋ ይተፋዋል፤ ቀዳዳውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ፊቱን በከሰል ቁራጭና በቦራክስ ሸፍኑ። ብሩ ጠርቶ እንደልቡ ሲንቀሳቀስ ወዲያው ቅዱት፤ «ትንሽ ይጨመርበት» ብሎ ማግለብለብ ጉዳቱን ያበዛል። ግማሹ ጎድሎ ከወጣ ቅርጽ ማውጫው ቀዝቅዞ ነበር፤ ወይም መግቢያው ጠቧል፣ አየር መውጫም የለውም።

በክረምት ደግሞ እርጥበት አለ። ይህን በቀልድ አትዩት። እርጥብ ቅርጽ ማውጫ ላይ የቀለጠ ብር ሲፈስ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ብሩን ፊት ላይ ይረጫል። በሰም ቅርጽ ላይ ጭቃ ለብጣችሁ የምትቀዱ ከሆነ፣ ሰሙ ተቃጥሎ ከወጣ በኋላም ጭቃው እስኪቀላ ይተኮስ። መነጽር አድርጉ።

ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ይሰንፋል

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ከአካባቢው አየር የሚስብ የእጅ ጋዝ ማቃጠያ ጋዙ ይበዛበታል፣ አየሩ ያንሰዋል። የአየር መግቢያውን ክፈቱ፣ አፉን አጽዱ፣ ጋዙን ቀንሱ። ጌጡን ከሰል ላይ አስቀምጡ፤ ከሰሉ ሙቀቱን መልሶ ይሰጠዋል። ወናፍና ከሰል ያለው ሰው እዚህ ላይ ይሻላል።

ደንበኛው «ብሩ ጠቆረ» ብሎ መለሰው

መጥቆር ብቻውን ብሩ ሐሰተኛ መሆኑን አያሳይም። ብር አየር፣ ላብና እንቁላል ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ቆዳን የሚያረነጉደው ግን መዳቡ ነው፤ አረንጓዴው ከበዛ የብሩን መጠን ፈትሹ። ለጥቁረቱ ዕቃ ላይ የአሉሚኒየም ፎይል አንጥፉ፣ ጌጡ ፎይሉን እንዲነካ አድርጉ፣ ቤኪንግ ሶዳና የፈላ ውሃ ጨምሩ። በደቂቃዎች ውስጥ ይነጣል። ዶቃ ወይም ክር ያለበት ድሪ ግን እዚያ አይገባም። ቅርጹ እንዲጎላ ሆን ተብሎ መስመሩ የጠቆረ መስቀልም እንደዚሁ፤ ውሃው ያንንም አብሮ ያነሳዋል። እሱን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ከላይ ከላይ ብቻ ጠርጉት።