ተመልሶ የመጣው የጋራ አትክልት ቦታ የድጋፍ ማመልከቻ እንዴት ተስተካከለ

ቦታው ደሴ ውስጥ የቅሬ (የእድር) አባላት በጋራ የሚያለሙት 200 ካሬ ሜትር ነው። ማመልከቻው የወደቀው በሐሳቡ አይደለም፤ የባንክ ሒሳቡ በአንድ ሰው ስም ነበር፣ ለመሬቱም የጽሑፍ ማስረጃ አልተያያዘም።

አባላቱ በፈረሙበት ቃለ ጉባኤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ተመረጡ፤ በቡድኑ ስም ሒሳብ ተከፈተ። ከሦስቱ ሁለቱ ካልፈረሙ ብር አይወጣም። ቀበሌው የቦታውን ስፋትና የሚቆይበትን ዘመን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ከሁሉም የሚከብደው ይኼ ነው፤ ዘመኑ ካልተጻፈ ቦታው ነገ ለሌላ ሊሰጥ ስለሚችል ለአጥር ገንዘብ የሚያወጣ አይገኝም።

ከዚያ በጀቱ ለሁለት ተከፈለ። አጥር፣ ሮቶና ቱቦ በሦስት ፕሮፎርማ (የሻጭ የዋጋ ማቅረቢያ) ተደግፈው ከለጋሽ ተጠየቁ፤ ዘር፣ የውኃ ክፍያና ጥገና ወደ አባላት ወርሃዊ መዋጮ ዞሩ። ለጋሽ ዕቃ ይገዛል እንጂ የወር ወጪ መሸፈን ብዙም አይወድም።

መጠኑም ይታይ፦ ለ100 ካሬ ሜትር ቀይ ሽንኩርት፣ ችግኙ በመደብ ከተፈላ፣ 40 ግራም ያህል ዘር ይበቃል። «ዘር 5 ኪሎ» የሚል መስመር ሌላውን ቁጥር ሁሉ ያስጠረጥራል። ፍግ ከጎረቤት በረት በነፃ ቢመጣም፣ ከጉልበቱ ጋር በብር ተተምኖ የአባላት ድርሻ ተብሎ ይመዝገብ።