ሞሊብዲነም መስታወት ላይ ሳይላጥ እንዴት ይለበጣል

ሲአይጂኤስ የሚባሉት (ከመዳብ፣ ከኢንዲየም፣ ከጋሊየምና ከሴሊኒየም የሚሠሩት) ስስ የፀሐይ ሴሎች ሥራ የሚጀምረው መስታወትን ሞሊብዲነም በሚባል ብረት በመለበጥ ነው። ልባጡ አንድ ማይክሮን ገደማ ውፍረት አለው። አሠራሩ ስፐተሪንግ ይባላል። የአርጎን አዮኖች የሞሊብዲነሙን ሰሌዳ፣ ማለትም ታርጌቱን፣ ይደበድባሉ። የተፈናጠሩት አቶሞች መስታወቱ ላይ ያርፋሉ።

መስታወቱን በሳሙና፣ ቀጥሎ በአሴቶንና በአይሶፕሮፓኖል እጠቡ። ጓንት አታውልቁ።

ከማሽኑ ውስጥ አየር የሚያወጣውን ፓምፕ አታጣድፉት። ጋዝ ከመክፈታችሁ በፊት ግፊቱ ወደ 0.0001 ፓስካል ይውረድ። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ እንዲያድር እተወዋለሁ። ውስጥ የቀረ የውኃ እንፋሎት ኦክስጅን ልባጡ ውስጥ ይከታል፤ ኤሌክትሪክም እንደ ልቡ አያልፍም። ከዚያ በታርጌቱና በመስታወቱ መካከል ያለውን መከለያ ዘግታችሁ ታርጌቱን አሥር ደቂቃ አስደብድቡት፤ ላዩ ላይ ያለው ኦክሳይድ ይራገፋል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አርጎኑ ግፊት።

የመጀመሪያውን ልባጥ በ0.3 ፓስካል ሠራሁ። ያንጸባርቃል፣ ኤሌክትሪክም አሪፍ ያስተላልፋል። ደስ ብሎኝ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ ትል የሄደበት የመሰለ ጠመዝማዛ መስመር ወጥቶበታል። እፍ ስለው ተነሳ። ጥፋቱ የእጥበት ነው ብዬ ሁለት ሳምንት መስታወት ሳሽ ከረምኩ። ለካስ የግፊቱ ነበር!

ግፊቱ ሲያንስ አቶሞቹ መንገድ ላይ የሚጋጫቸው ስለሌለ ከነጉልበታቸው ይደርሳሉ። ከታርጌቱ ነጥሮ የሚመለሰው አርጎንም ልባጡን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ሚኒባስ ውስጥ ለሦስት ሰው ወንበር ላይ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ» እያለ አራተኛ እንደሚጨምረው ነው። ልባጡ መስፋት ይፈልጋል፣ መስታወቱ ይይዘዋል፤ በመጨረሻ ያብጥና ይላጣል። ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ አቶሞቹ ከጋዙ ጋር እየተጋጩ ደክመው ይደርሳሉ። በመሃላቸው ክፍተት ያለባቸው አምዶች ይበቅላሉ። ይህኛው መስታወቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፣ ግን ኤሌክትሪክ ሲያስተላልፍ ደካማ ነው።

መፍትሔው ሁለቱንም መጠቀም ነው። የመጀመሪያውን 100 ናኖሜትር በ1.3 ፓስካል ልበጡ። ፕላዝማውን፣ ማለትም አዮን የሆነውን የአርጎን ጋዝ፣ ሳታጠፉ ወደ 0.3 ዝቅ አድርጉና ቀሪውን ጨርሱ። ቁጥሩ እንደ ማሽኑና እንደ ታርጌቱ ርቀት ይለያያል። የራሳችሁን ለማግኘት ስስ የማይክሮስኮፕ መሸፈኛ መስታወት አብራችሁ ልበጡ። በተለበጠው በኩል ከጎበጠ ልባጡ ተጨናንቋል፣ ግፊት ጨምሩ። ከጎደጎደ ተወጥሯል ማለት ነው።

«መስታወቱን አሙቀው» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። ለአሉሚኒየም እሺ፤ በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ 200 ዲግሪ ብዙ ይለውጠዋል። ሞሊብዲነም ግን የሚቀልጠው በ2623 ዲግሪ ነው። ለ200 ዲግሪ ብላችሁ ማሞቂያ አትግዙ።

ሲያልቅ ስኮች ለጥፋችሁ ባንዴ ሳቡት። ስኮቹ ንጹሕ ሆኖ ቢነሳም ልባጡን አሳድሩትና ጠዋት ድገሙት።