እየተመላለሰ የሚመጣ ህልም ስትፈቱ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚጽፉና ከሚስሉ ልጆች ጋር ቁጭ ብለን የህልም ማስታወሻቸውን እናነባለን። አዲስ የሚመጣ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "ይሄ ህልም እየተመላለሰ ያስቸግረኛል፣ ምን ማለት ነው?" ህልሙን ገና አልነገረኝም እኮ!

ትልቁ ስህተት እሱ ነው፣ ህልሙን ሳያዩ ፍቺውን መፈለግ። ጥርስ ከወለቀ ዘመድ ይሞታል፣ እባብ ጠላት ነው፣ በህልም መብላት መተት ነው። ሁላችንም ቤታችን የሰማነው ነው፣ አልንቀውም፣ እናቶቻችን "እግዜር በደግ ይፍታው" እያሉ ነው ያሳደጉን። ግን ያንቺ ጥርስና የጎረቤትሽ ጥርስ አንድ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የእስራኤል ጥናት የጥርስ ህልም ከጭንቀት ይልቅ ጠዋት ሲነቁ ጥርስና ድድ ላይ ከሚሰማ ህመምና መወጠር ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል፣ ስለዚህ ጥርስሽን እያፋጨሽ የምታድሪ ከሆነ መልሱ ያለው ጥርስ ሀኪም ጋ ሊሆን ይችላል። ቤይሩት የምትሰራ አንዲት ልጅ አውቃለሁ፣ ላይቭ የሚገባ ህልም ፈቺ ነኝ ባይ "እናትሽ ላይ ሞት ይታየኛል፣ ለጸሎት ብር ላኪ" ብሏት ስንት ቀን እንቅልፍ አጥታ በየማታው እቤት እየደወለች ስታለቅስ ነበር፣ እናትየው ደህና፣ ደመወዟ ግን ሄደ። ይሄን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ህልም እንደ ፈቺው ነው የተባለው ለዚህ ነው፣ ለማን እንደምትነግሩ ምረጡ!

ሌላው ጠዋት ተነስቶ "በኋላ እጽፈዋለሁ" ማለት። አትጽፉትም። ብዙ ህልም የምናይበት እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመጣል፣ ረጅሙ ደግሞ ሊነጋ ሲል ያለው ነው፣ እና አላርሙ ሲጮህ ስልክ አንስታችሁ ሜሴጅ ካያችሁ ህልሙ ሄደ። ኦስትሪያ ግራትስ ከተማ ይሰራ የነበረው ሳይንቲስት ኦቶ ሎዊ ሌሊት በህልሙ የሙከራ ሀሳብ መጣለት፣ በብጣሽ ወረቀት ጫር ጫር አድርጎ ተኛ፣ ጠዋት የራሱን ጽሁፍ ማንበብ አቃተው። ደግነቱ በማግስቱ ሌሊት ሀሳቡ ተመልሶ መጣ፣ ያኔ አልተኛም፣ ቀጥ ብሎ ላብራቶሪ ሄዶ በእንቁራሪት ልብ ሞከረው፣ ነርቭ ለልብ መልእክት የሚያስተላልፈው በኬሚካል እንደሆነ አሳየ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመ። እናንተ ሁለተኛ እድል ይመጣል ብላችሁ አትተኙ፣ እስክሪብቶና ደብተር ትራስ ስር ይሁን፣ የሚነበብ አድርጋችሁ ጻፉ።

ቀን አለመጻፍ። ይሄኛውን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም፣ ምክንያቱም እየተመላለሰ ከሚመጣ ህልም የሚገኘው ነገር አብዛኛው ያለው መቼ እንደመጣና ካለፈው ምን እንደተለወጠ ላይ ነው። ሰው "ያው ያ ህልም ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ ግን ያው አይደለም። ዘፍጥረት 41 ላይ ፈርዖን መጀመሪያ ላሞች ነው ያየው፣ ቀጥሎ እሸቶች፣ ዮሴፍ ግን ሁለቱም አንድ ህልም ነው አለው፣ ሰባቱና መዋዋጡ ስላልተለወጠ። አንዲት አካውንታንት እህታችን ከስንት አመት በኋላ ማትሪክ ፈተና ላይ አድሚሽን ካርድ ጠፍቷት ታያለች፣ ትምህርት ቀጥዪ ማለት ነው ብላ ማስተርስ ልትመዘገብ ነበር። ቀኖቹን ስናያቸው ህልሙ የሚመጣው ሰኔ ላይ፣ ሂሳብ ሲዘጋ ነው፣ በመጨረሻዎቹ ላይ ደግሞ ፈታኙ መምህር ቀርቶ ኦዲተር ሆኗል። ልጅቷ የጨነቃት ትምህርት ሳይሆን ብቻዋን ፈርማ የምትዘጋው ሂሳብ ነበር። ቀን ባይጻፍ ይሄ ከየት ይገኛል?

ለምትጽፉና ለምትስሉ ደግሞ፦ ቶሎ አትፍቱት። አንድ ሰዓሊ ልጅ የአያቱን ቤት ያያል፣ ሁልጊዜ ከጓዳው ጀርባ አንድ የማያውቀው ክፍል አለ። "ክፍሉ ልጅነቴ ነው" ብሎ ፈታውና ስዕሉ ሞተበት፣ የሳለው ሁሉ ማብራሪያ ሆነ። ፍቺውን ተወውና መብራቱ በየት ይገባል፣ ግድግዳው ጭቃ ነው ብሎኬት፣ ምን ይሸታል አልነው። ከዛ በኋላ የሳላቸውን ብታዩ!

ዱካክን ከህልም ጋር አትቀላቅሉ፣ እሱ አእምሮ ነቅቶ ሰውነት ገና ሳይላቀቅ ሲቀር ነው።

መድሀኒትም አትርሱ። ኢፋቪረንዝ (የኤችአይቪ መድሀኒት ነው)፣ ሜፍሎኩዊን (የወባ)፣ አንዳንድ የደም ግፊትና የድብርት መድሀኒቶችም ህልምን ቁልጭ ያለና የሚያስፈራ ያደርጋሉ። በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙ፣ ሀኪማችሁን አናግሩ።

የመጨረሻው በጣም የሚያሳስበኝ ነው። ጦርነት ያየ፣ በሊቢያ ወይ በየመን በረሃ ያለፈ፣ ሰው ቤት ተደብድቦ የመጣ ሰው ያንኑ ነገር እንዳለ ሌሊት ሌሊት ሲያይ "ምስጢሩ ምን ይሆን" እያላችሁ አታድርቁት። እሱ ቁስል ነው፣ እንደ አማኑኤል ሆስፒታል ያለ ቦታ ሊታይ ይገባል። ለእንዲህ አይነቱ ቅዠት የሚሰራበት ዘዴ አለ፦ ቅዠቱን ይጽፉታል፣ ከፈለጉበት ቦታ ጀምሮ ታሪኩን ይለውጡታል፣ ከዛ አዲሱን ታሪክ ቀን ላይ ነቅተው ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በሀሳባቸው ይመላለሱበታል፣ በየቀኑ። ከባዱን መጀመሪያ መንካት ግን አይሆንም፣ ቀለል ካለው ቅዠት ነው የሚጀመረው፣ የሚያግዝ ባለሙያ ከተገኘ ደግሞ ከሱ ጋር።