በጅማ ድርጅት ሲዘጋ ሊጠበቅ የሚገባው ቅደም ተከተል

በጅማ ከተማ የእንጨት ሥራ ድርጅት ወይም የቡና መፈልፈያ የሚዘጋ ባለንብረት ቁልፉን ለአከራዩ ሲያስረክብ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን የንግድ ፈቃዱ በወጉ ተመልሶ እስካልተሰረዘ ድረስ ድርጅቱ በመዝገብ ላይ እንደ ነበረ ስለሚቆይ፣ ግብር የማሳወቅ ግዴታውም ሆነ ባለማሳወቅ የሚመጣው ቅጣት ባለቤቱን ይከተለዋል።

አስቀድሞ ሥራው የሚቆመው ለዘለቄታው ነው ወይስ ለጊዜው የሚለው መለየት አለበት። መፈልፈያው ከቡና ወቅት ውጭ ሥራ መፍታቱ መዘጋት አይባልም። በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራው ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚቋረጥ ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውልን ለጊዜው ማገድን ይፈቅዳል፤ ይህም ከ90 ቀናት ሊበልጥ አይችልም፣ የእገዳው ምክንያት ደግሞ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ መቅረብ አለበት። በጅማ የመንግሥት ቢሮዎች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ደብዳቤውን በዚያው ቋንቋ ማዘጋጀት መመላለስን ይቀንሳል።

መዘጋቱ ቁርጥ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለሠራተኛው ሒሳብ ነው፤ ሕጉም የሠራተኛን ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ያስቀድማል። ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድና የስንብት ክፍያ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለባቸው። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል፣ ጠቅላላውም ከ12 ወር ደመወዝ አያልፍም፤ ድርጅቱ ለዘለቄታው ሲዘጋ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። ለምሳሌ የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዙ 200 ብር የሆነ፣ 4 ዓመት ያገለገለ አናጺ 12,000 ብር ስንብት፣ በዚያ ላይ ሌላ 12,000 ብር ያገኛል። የጽሑፍ ውል ያልተፈረመለት ሠራተኛም፣ በእንጨት ሥራ ቤቶች እንዲህ ያለው ብዙ ነው፣ ይህ መብት አይቀርበትም። የጡረታ መዋጮው፣ ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ፣ እስከ መጨረሻው ወር ገቢ መደረጉ ይረጋገጥ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ይሰጠው።

ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ሥራ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያውን ለመመለስ መቸኮል አይገባም፤ የቀረው ዕቃና የማሽኖቹ ሽያጭ ራሱ ደረሰኝ ይፈልጋልና። ሽያጩ ሲጠናቀቅ ለግብር ሰብሳቢው ጽሕፈት ቤት ሥራ መቆሙ በጽሑፍ ይገለጻል፣ የመጨረሻው ሒሳብ ይቀርባል፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ ላይ የተመዘገበም ከምዝገባው እንዲሰረዝ ያመለክታል። ከዕዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳየው ክሊራንስ ሲገኝ ብቻ ዋናውን ፈቃድ ይዞ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ ይቻላል፤ የስረዛውን ደብዳቤ ሳይቀበሉ ግን መመለስ አይገባም።

ግብር ሰብሳቢው የቀረበለትን ሒሳብ እስከ 5 ዓመት ድረስ፣ ማጭበርበር ካለ ደግሞ በማንኛውም ጊዜ እንደገና ሊመረምር ስለሚችል፣ መዛግብቱና የደመወዝ ፊርማ የሰፈረባቸው ሰነዶች ከድርጅቱ ዕቃ ጋር አብረው አይጣሉ።